የቆጣሪው ዕዳ

ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ጉና በክረምቱ ቀርቶ በበጋውም አያሌ ቀን ደመና ተከናንቦ ይታያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው ይህ ተራራ ርብንና ጉማራን ወልዶ ወደ ጣና ይሰዳል፤ በሌላው ጎኑ የሚፈልቁትም ወደ ተከዜና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት በዙሪያው ሰፍረው ውኃውን ይጠጣሉ፣ በሣሩ ቤት ይከድናሉ፣ ከግርጌው ተነሥተው ወገቡን ይዘው ገብስና ድንች ያመርታሉ። ለአራሹ ጉና የዝናብ ምልክት ነው፤ የከብት ማሰማሪያም ነው፤ ከልካይ ካጣም ለከርሞ የሚታረስ መሬት ነው። ከእነዚህ ለአንዱም ሳይፈልገው፣ ሜትርና ደብተር ይዞ የሚወጣ ሌላ ሰው ደግሞ አለ።

ይህ ሰው በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውና የሚመራመረው የሥነ ምኅዳር ባለሙያ ነው። የመስክ ቀኑ ገና ሳይነጋ ይጀምራል። መኪናው ከሚቆምበት በኋላ ያለውን መንገድ በእግሩ ይወጣል። በከረጢቱ ውስጥ ሜትር፣ ረጅም ገመድ፣ ችካል፣ ቅጠል የሚጫንበት የእንጨት መጭመቂያ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ደብተርና እርሳስ ይገኛሉ። እርሳስ መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጉና ጉም የብዕር ቀለም ያፈስሳልና። ከታሰበው ስፍራ ሲደርስ በአራት ማዕዘን ችካል ተክሎ ገመዱን ይወጥራል፤ ከዚያም በገመዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። ትልቁን ዛፍ ደረት ትክክል፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ዙሪያውን ይለካል። ወፍ ዘራሹን ቡቃያ ግን ተንበርክኮ፣ ሣሩን በጣቱ እየገለጠ ይፈልጋል። ከታች ኮሶና አሜጃ፣ ከዚያ በላይ አስታ፣ ከአስታ በላይ ጓሳና ጅብራ፤ ተራራው በየደረጃው ልብሱን እየለወጠ ይሄዳል። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ስለዚህ አበባውን ያየ ተመራማሪ ልደቱንም ሞቱንም በአንድ መስመር ይጽፋል።

የዕፀዋቱን ስም የሚነግረው አብዛኛውን ጊዜ እረኛ ነው። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የትኛው ቅጠል ፍየልን እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው እንጨት እርጥቡ እንደሚነድ፣ የትኛው ሥር ለሆድ ቁርጠት እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቃል። በላቲን የሚጻፈው ስም ኋላ ይመጣል። በታተመው ጽሑፍ ውስጥ ግን የልጁ ስም ሲነሣ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ትንሽ ዕዳ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ ከማደሪያው ገብቶ የራሰውን ጋዜጣ በደረቅ ይለውጣል። ለአንድ ሌሊት ሰንፎ ቢተወው ቅጠሉ ይሻግታል። መስኩ ሲያልቅ ክፍሉ ይጠብቀዋል፤ ትምህርት መስጠት፣ ፈተና ማረም፣ የተማሪን ድርሳን ማቃናት፣ የቆጠረውንም በእንግሊዝኛ ጽፎ በሩቅ አገር ለሚታተም መጽሔት መላክ። የማዕረግ ዕድገቱ የተንጠለጠለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ጽሑፉን የፋርጣ ገበሬ አያነበውም፤ አንብብ ቢባልም በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሚቆጥር ሰው ግዴታው መቁጠር ብቻ ነውን? ወይስ አንድ ነገር እየጠፋ መሆኑን ከሌላው ቀድሞ ያየ ሰው፣ ካላየው ሰው የበለጠ ዕዳ አለበት?

ጥያቄው ለጉና አዲስ አይደለም። ሥነ ምኅዳር የተባለው የጥናት ዘርፍ ስሙን ያገኘው «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን ምኅዳር ማለት ማደሪያ ነው። አውሮፓውያንም ቃሉን ሲፈጥሩ «ቤት» ከሚለው የግሪክ ቃል ተነሥተዋል። ቃሉን በመጀመሪያ ያሳተመው ጀርመናዊው ኤርነስት ሄክል ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1866 ነበር። በዚያን ጊዜ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ የዓፄ ቴዎድሮስ ምድጃ ይነድድ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። በዚያው ዘመን በጋፋትና በደብረ ታቦር ዙሪያ ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ቅጠል እየቀጠፈ ያደርቅ ነበር። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አርባ ዓመት ያህል ኖሮ በ1878 በዓድዋ የሞተ ሰው ነው። አንዱ ብረት ሲያቀልጥ ሌላው ቅጠል ያደርቅ ነበር ማለት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መጀመሪያው ብዙ ሲጽፉ ሁለተኛውን የሚያነሡት በጥቂቱ ነው።

ሺምፐር የሰበሰባቸው ዕፀዋት ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተላኩ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በበርሊን ተቀምጠው ሳለ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 በአየር ድብደባ ቤቱ ሲቃጠል አብረው ነደዱ። በሰላም ቢቀመጡስ ኖሮ፣ የጉናን እግር ስር ቅጠል ለማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ባሕር መሻገር ነበረበት። ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊው የዕፀዋት ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1959 ከተመሠረተ በኋላ ነው። ከስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብም 8 ጥራዞችን አውጥቶ በ2009 ተፈጸመ። ሠላሳ ዓመት የፈጀ የስም ጥሪ ነው። የጀመሩት ሁሉ ሲፈጸም አላዩትም።

የስም ጥሪ ግን ፍርድ አይደለም። ሐኪም በሽታን ሲያይ ማከም አለበት ቢባል ሁሉም ይስማማል፤ ምክንያቱም ሕመምተኛው ድረስልኝ ብሎ መጥቷል። ዳኛም በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈርደው ተሹሞ ነው። የሥነ ምኅዳሩን ባለሙያ ግን የጠራው የለም። ደኑ አልጠራውም፤ ገበሬውም አልጠራውም። ስለዚህ እንደ ሐኪም ላክም ቢል ማን ታመመብህ ይባላል፤ እንደ ዳኛ ልፍረድ ቢል ማን ሾመህ ይባላል። የሚቀርበው ምሳሌ የምስክር ይመስላል። በቀድሞው ሥርዓት አንድ ወንጀል ተፈጽሞ ሠሪው ሲጠፋ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ ጉዳዩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። በዚያ ጉባኤ ዐውቆ የደበቀ ሰው ከበደለኛው ጋር ይቆጠራል። ያላየውን አየሁ ያለም ሐሰተኛ ምስክር ነው። እንግዲህ ምስክር ሁለት ማሰሪያ አለበት፤ ያየውን እንዳይሸሽግ፣ ባየው ላይም እንዳይጨምር። የፊተኛውን ሁሉም ያወድሰዋል። የኋለኛው ግን፣ በተለይ ዓላማው መልካም በሆነ ጊዜ፣ ቶሎ ይረሳል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ቁጥር አለ። «በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር በትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ በጉባኤ ንግግሮች፣ በእርዳታ ሰጪዎች ሰነዶች ለአያሌ ዓመታት ሲደጋገም ኖሯል። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን ቁጥር ዱካ ተከትሎ ወደ ኋላ ቢሄድ፣ ከሥሩ የሚታመን ልኬት አላገኘም። አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ የወረሰው ግምት ነበር። የ19ኛው ምዕተ ዓመት ተጓዦች ስለ ሰሜኑ ደጋ የተዉት ጽሑፍም በብዙ ስፍራ የታረሰና የተጋጠ አገር ያሳያል እንጂ ከዳር እስከ ዳር ጫካ የለበሰ ምድር አያሳይም።

ታዲያ ምን ይጎዳል? ቁጥሩ ቢጋነን ሰውን ዛፍ እንዲተክል ያነሣሣ የለምን? ይህን የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። ነገር ግን ቁጥሩ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም፤ ክስ ነው። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ደን ከወደመ፣ ያወደሙት ዛሬ በሕይወት ያሉት አራሾችና አባቶቻቸው ናቸው ማለት ነው። አንድ ሺህ ዓመትና ከዚያም በላይ የፈጀ የእርሻ፣ የጦርነት፣ የከተማና የማገዶ ታሪክ በአንድ ትውልድ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በዚህ ክስ መነሻነት ገበሬው የገዛ መሬቱ ጠላት ተደርጎ ይታያል፤ ሳያማክሩት ይከልሉበታል፣ ሳይጠይቁት ይተክሉበታል። ሳያማክሩት የተተከለው ችግኝ ደግሞ ምን እንደሚገጥመው በየዓመቱ ሐምሌ ተክሎ በየዓመቱ ጥር ላይ የደረቀውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ለዛፍ ተብሎ የተነገረ ሐሰት ዛፉንም አላዳነም።

ወደ እውነተኛው ቆጠራ ስንመለስ ደቡብ ጎንደር ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በዚህ አገር በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች እየተዘዋወረ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግቧል፤ በኔዘርላንድ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት ያቀረበው ድርሳንም በእነዚሁ ደኖች ላይ የተመሠረተ ነው። ከአየር ላይ ለሚያይ ሰው በታረሰው ቡናማ ምድር መካከል እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያሉ አረንጓዴ ክቦች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ክብ እምብርት አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዛፉ ለቤተ ክርስቲያኑ ልብሱ ነው፤ ልብሱን መግፈፍ ነውር ነው። የደን ጥበቃ ሕግ ባልነበረበት ዘመን ወይራውን፣ ጥዱንና ጥቁር እንጨቱን ያተረፋቸው ይህ ነውር ነው።

ቆጣሪው ግን ከነውሩ ጀርባ ሌላ ነገር አገኘ። ከደመል ተከታይ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ ደኖች አፈር ተቆፍሮ ውስጡ የተኛው ዘር ሲመረመር፣ አብዛኞቹ የዛፍ ዓይነቶች በአፈር ውስጥ የሚቆይ የዘር ጎተራ እንደሌላቸው ተረጋገጠ። የአረም ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊነሣ ይችላል። የትልልቆቹ ዛፎች ዘር ግን ወዲያው ይበቅላል፤ ካልበቀለም ይበላል ወይም ይሞታል። እናቲቱ ከወደቀች መሬቱ አያስታውሳትም ማለት ነው። ቀጥሎም ከፊሉ ታጥሮ ከፊሉ ሳይታጠር በተደረገ ሙከራ ከብት የሚገባበት ስፍራ ላይ ቡቃያው እጅግ ጥቂት ብቻ እንደሚተርፍ ታየ። እንግዲህ ደኑ ቆሞ ይታያል፤ መጥረቢያ አልነካውም፤ ካህናቱም ጠብቀውታል። ነገር ግን ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ሆኗል፤ ልጅ የለበትም። ይህን በዓይን ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ተንበርክኮ መቁጠር ያስፈልጋል።

ያወቀ ሰው እንግዲህ ምን ይበል? በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሣር ከሜዳው ጠፍቶ ከብት አጥንቱ በሚቆጠርበት ጊዜ፣ አንድ ተመራማሪ ከአንዲት ደብር አጸድ ሥር ገመዱን ወጥሮ ተቀምጧል እንበል። አንድ አዛውንት አንዲት ላም እየነዱ ወደ ጥላው ይገባሉ።

«እንደምን አደርህ ልጄ? ምን ትፈልጋለህ ከመሬት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን አደሩ አባቴ? የዛፍ ቡቃያ ነው የምቆጥረው።»

«ስንት አገኘህ?»

«ከዚህ ገመድ ውስጥ አንድም የለም። ከብቱ በልቶታል፣ ረግጦታልም።»

አዛውንቱ ላሟን አይተው ጥቂት ዝም ይላሉ። «ይህች ላም እዚህ ጥላ ካልገባች ግንቦትን አትሻገርም። ያንተ ቡቃያ ዘንድሮ ቢበላ ለከርሞ ዛፉ ሌላ ያወርዳል፤ ላሟን ግን ለከርሞ ማን ይተካልኛል?»

«ዛፉ ራሱ ሲያረጅስ አባቴ?»

«ዛፉ እኔን ይቀብራል።»

በአዛውንቱ አነጋገር ውስጥ ሐሰት የለም። እናቲቱ እስከቆመች ድረስ ለከርሞም ዘር ይወርዳል፤ ዛፉም በእርግጥ እሳቸውን ይቀብራል። ተመራማሪውም አልተሳሳተም። ልዩነታቸው በዘመን ነው፤ የአንዱ ሰዓት ከግንቦት እስከ ኅዳር ይቆጥራል፣ የሌላው ሰዓት መቶ ዓመትን እንደ አንድ ክረምት ያያል። ሁለት እውነተኛ ሰዓቶች ሲጋጩ የትኛው ይቅደም የሚለውን ሜትርና እርሳስ አይመልሱትም። ገና ያልተወለዱት በዚህ ጉባኤ ውስጥ የሚናገርላቸው የለም፤ ቆጣሪው ለእነርሱ የሚቆም ብቸኛ ምስክር ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ያልተወለዱትም ቢሆኑ የእኒሁ አዛውንት የልጅ ልጆች ናቸው፤ የሚወለዱትም ላሟ ግንቦትን ስትሻገር ነው። በዚህ በኩል ሲታይ ለወደፊቱ ትውልድ እቆረቆራለሁ የሚለው የከተማ ሰው፣ ላሟ ብትሞት የሚርበው ራሱ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባዋል። ወሩ ሲያልቅ ደመወዙ ይወጣለታል።

አንዳንዶች ደግሞ መፍትሔውን ከጥንቱ ሥርዓት ይፈልጋሉ። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የጓሳ ምድር፣ ዘለዓለም ተፈራ የተባለው ተመራማሪ በስፋት እንዳጠናው፣ ሕዝቡ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት እየዘጋ፣ ወቅቱ ሲደርስ እየከፈተ ለብዙ ዘመን ጠብቆት ኖሯል። ዘበኛውን የመረጠው ሕዝቡ ነው፤ ሕግ የጣሰውንም የቀጣው ራሱ ነው። ጓሳው ለክዳን፣ ለገመድና ለእረኛ ገሳ ይበቃ ዘንድ በሳይንስ ስም ያስተማረው አልነበረም። ይህ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም የሚያወድሱት ሰዎች ዘለው የሚያልፉት ነገር አለ፤ መብቱ የርስት መብት ነበር። ከአቅኚዎቹ ዘር የማይቆጠር ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ልዩ መብት ሲሽር፣ በመብቱ ላይ የተንጠለጠለው ጥበቃም አብሮ ወደቀ። ሣሩን የጠበቀው አጥር ድሀውን ያስቀረው አጥር ነበር። ያ አጥር መፍረሱ ፍትሕ ነበር፤ የሣሩ መጎዳት ደግሞ ጉዳት ነበር። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ጉናም በዚሁ ዓይነት ሁለት ነገር መካከል ቆሟል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በተራራው ላይ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች መኖራቸው ተመዝግቦ ነበር። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ ጠቅላላ ቁጥሩ 500 ያህል ነው፤ መኖሪያዎቹ ናቸው ተብለው ዛሬ በሚዘረዘሩት ስድስት ስፍራዎች ውስጥም ጉና የለም። ማሳው ወደ ላይ ሲወጣ ቀበሮው የሚበላው ፍልፈልና ዓይጥ መኖሪያ ያጣል፤ ቀበሮውም ከሰው ጋር ከሚመጣው ውሻ በሽታ ይወስዳል። በጉና ዙሪያ የሚኖር ገበሬ በቀበሮው መጥፋት አንድ ቁና ገብስ አልጎደለበትም። ምናልባት አንድ ግልገል ተርፎለት ይሆናል። እንግዲህ ቀበሮው የጎደለው ለማን ነው? ሰውን የማይጠቅም ነገር መጥፋቱ በደል ነውን? ጥቅም ያለው ሁሉ ዋጋ አለው የሚለው ሚዛን እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሌላ ሚዛን ያለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ያ ሰው ሚዛኑን ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ እስካሁን ሲያስረዳ አልታየም።

ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ አገሪቱ የገባው ይህ ዛፍ በፋርጣ ማሳዎች ድንበር ላይ፣ ከዚያም አልፎ በማሳው እምብርት ላይ በረድፍ ቆሟል። አያሌ ባለሙያዎች ውኃ ይመጥጣል፣ አፈር ያራቁታል፣ ከሥሩ ሌላ አያስበቅልም እያሉ ይወቅሱታል፤ በዚህ ውስጥ ብዙ እውነት አለ። ነገር ግን ምሰሶው የተሸጠለት ገበሬ ቆርቆሮ ገዝቷል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ከፍሏል፣ ልጁን ደብረ ታቦር ድረስ ልኮ አስተምሯል። አጠናው ከባሕር ዛፍ ስለሚገኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይራ የሚዘረጋው መጥረቢያ ቀንሷል ማለትም ይቻላል። ምስክሩ ሁለቱንም መናገር አለበት። አንዱን ብቻ የተናገረ እንደሆነ ሌላው ወገን ሲሰማው ያሾፍበታል፤ ማሾፉም ተገቢ ነው።

ከምስክርነት ተነሥቶ ጠበቃ የሆነ ሰው ታሪክም መጠቀስ አለበት። በዓድዋ የተወለዱት ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በአዲስ አበባ ተምረው፣ በእንግሊዝ አገር በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1969 በዕፀዋት ሥነ ምኅዳር ዶክትሬታቸውን አግኝተው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ። የዕፀዋቱን መዝገብ ሥራ በመጀመሪያ ከመሩት አንዱ ነበሩ። ኋላ ግን ከደረቁ ቅጠሎች ክፍል ወጥተው ወደ ዓለም አቀፍ የድርድር አዳራሾች ገቡ። ዘር የገበሬ ነው፣ ሕይወት ባለው ነገር ላይ የባለቤትነት ፈቃድ ሊሰጥ አይገባም ብለው ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በሞንትሪያል የጸደቀው የካርታኼና የሕይወት ደኅንነት ስምምነት ሲደረስበት የአፍሪካን ወገን አንደበት የሆኑት እሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2023 ዐረፉ። ሆኖም ጠበቃ የሆነ ሰው ተቃዋሚ አያጣም። በ2009 በኢትዮጵያ የወጣው ጥብቅ የሕይወት ደኅንነት ሕግ ምርምርን አሰረ የሚሉ ሳይንቲስቶች ተነሥተው ሕጉ በ2015 ላልቶ ተሻሻለ። የትኛው ወገን ልክ ነበር ለሚለው ክርክሩ ገና አልተዘጋም። የጠበቃ ሥራ በተቃዋሚው ሊፈርስ ይችላል፤ የመዝገቡ 8 ጥራዝ ግን ሁለቱም ወገኖች እየገለጡ የሚያነቡት ነው። ይህ ማለት ከክፍላቸው ባይወጡ ይሻል ነበር ማለት አይደለም። ዝም ቢሉ ኖሮ በዚያ አዳራሽ ስለ ገበሬው ዘር የሚናገረው ዘር ሻጩ ብቻ ይሆን ነበር።

የደቡብ ጎንደሩ ቆጣሪ የሄደበት መንገድ ከዚህ ይለያል። ዓለማየሁ ዋሴ የቆጠረውን ይዞ ወደ ካህናቱ ተመለሰ። ማርጋሬት ሎውማን ከተባለችው አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር ሆነው ደናችሁ ልጅ አልባ እየሆነ ነው ሲሉ ለደብሮቹ አስረዱ፤ ካህናቱና ምእመናኑም ተመካክረው ዣራን በመሳሰሉ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ካቡ። ድንጋዩ የተለቀመው ከአካባቢው ማሳ ነው። ማሳው ከድንጋይ ሲጸዳ ለማረሻ ተመቸ፤ ደኑም ታጠረ። ፍርዱን የሰጠው ዩኒቨርሲቲው አልነበረም፤ የደብሩ ሰው ነው። ምስክሩ ምስክር ሆኖ ቆየ፤ ጉባኤው ግን ተጠራ። እስካሁን ከታዩት መንገዶች ለኅሊና የሚቀለው ይህ ይመስላል።

ቢሆንም የካቡ ድንጋይ ሁለት ገጽ አለው። በውስጥ በኩል ጥዱና ወይራው ቡቃያ ያወጣሉ። በውጭ በኩል የአዛውንቱ ላም ቆማለች። ጉባኤው የወሰነው በአብዛኛው ድምፅ ቢሆንም፣ አንዲት ላም ያለው ሰውና አሥር ከብት ያለው ሰው ካቡ እኩል አይከብዳቸውም። ባለ አሥሩ ሁለቱን ሸጦ ድርቆሽ ይገዛል። ስለዚህ ካብ እንዲካብ የመሰከረ ሰው፣ ግንቦት ሲመጣ ላሟ ምን እንደምትበላም ከካህናቱና ከቀበሌው ጋር ሊያስብ ይገባው ነበር ቢባል ከሥራው ውጭ የሆነ ነገር ተጠየቀ ማለት ያስቸግራል። ደግሞ ይህንንም ያንንም አስብ የተባለ ሰው መቼ ይቆጥራል? በተማሪ ፈተና፣ በጽሑፍ፣ በስብሰባ የተወጠረ መምህር ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጉናንና ጣናን አያይዞ የሚመለከት የመስክ ምርምር ማዕከል አለው፤ ከየክፍሉ የሚሄዱት ባለሙያዎች አንዱ ሣሩን፣ አንዱ አፈሩን፣ አንዱ የከብቱን መኖ ያያል። ሦስቱ በአንድ አዛውንት ደጃፍ አብረው ተቀምጠው ያውቁ እንደሆነ ግን የታተሙት ጽሑፎች አይናገሩም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጉና ጫፍ መውረድ ሲጀምር ቆጣሪው ገመዱን ለመጠቅለል ይነሣል። እረኛው ልጅ ግን እጁን ይዞ ወደ አንድ ቋጥኝ ጥግ ይወስደዋል። በቋጥኙ ሥር፣ ከብት ሊደርስበት ከማይችል ስንጥቅ ውስጥ፣ ስንዝር የማይሞላ የኮሶ ቡቃያ በቅሏል። ከገመዱ በስተውጭ ሦስት እርምጃ ያህል ይርቃል። በደንቡ መሠረት አይቆጠርም።

«ይኸም አለ» ይላል ልጁ።

ቆጣሪው ደብተሩን አውጥቶ፣ ከሰንጠረዡ ውጭ ባለው ነጭ ኅዳግ ላይ «1 ኮሶ፣ ከቋጥኝ ሥር» ብሎ በእርሳስ ይጽፋል፤ ከጎኑም የልጁን ስም ጠይቆ ያክልበታል።